የተራራውን ቤት ስለ ማደስ፤ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ አገር በሚታየው ልማድ ላይ የቀረበ ሂስ

ከደሴ ተነሥቶ በውጫሌና በውርጌሳ በኩል ወደ መርሳ፣ ከዚያም ስሪንቃን አልፎ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው፣ በስተ ግራው ወደ ደጋው የሚወጣውን ተራራ፣ በስተ ቀኙ ደግሞ ወደ አፋር ሜዳ የሚያዘቀዝቀውን ቈላ እያየ ይሄዳል። ጊዜው ረፋድ እንደ ሆነ፣ ፀሓይ ከምሥራቅ ስታርፍበት የተራራው ገጽ በብዙ ስፍራ ሲያብለጨልጭ ይታያል። የሚያብለጨልጨው ምንጭ ወይም ፏፏቴ አይደለም፤ ቀድሞ ሣር ለብሰው ከተራራው መልክ ጋራ ተመሳስለው ይኖሩ የነበሩ ቤቶች አሁን የለበሱት ቈርቈሮ ነው። መንገደኛው ይህን አይቶ እንደ ጠባዩ ከሁለት አንዱን ይላል፤ አንዱ «አገሩ ሠለጠነ» ብሎ ይደሰታል፣ ሌላው «የአባቶቻችን ቤት ጠፋ» ብሎ ያዝናል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ ሁለቱም ፍርዶች ከመንገድ ላይ የተሰጡ መሆናቸውን ማሳየትና ወደ ቤቱ ገብቶ ነገሩን መመርመር ነው።

ጸሓፊው የተወለደው በዚሁ አገር፣ ከፍ ያለውን ትምህርት የተማረው ግን በባሕር ማዶ ስለ ሆነ፣ በሁለቱም ወገን አድልዎ ሊኖርበት እንደሚችል አንባቢው አስቀድሞ እንዲያውቅለት ይለምናል። ከዚህም በላይ ኋላ እንደሚገለጸው፣ እዚህ ከሚነቀፉት ስሕተቶች አንደኛው የራሱ የጸሓፊው ነው።

በመጀመሪያ የቀድሞው ቤት ምን እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል፣ ወልድያም ከ2,000 ሜትር ብዙ በማይርቅ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመርሳ ዙሪያ ባለው ዝቅ ያለ አገር ቤት የሚሠራው በአብዛኛው እንጨት አቁሞ፣ በማገር አያይዞ፣ ጭድ በተቦካበት ጭቃ በመምረግ ነው። ወደ ደጋው ከፍ ባሉ ቍጥር ግን እንጨቱ እየራቀ ድንጋዩ እየቀረበ ስለሚሄድ፣ ግድግዳው ከአንድ ክንድ በሚበልጥ ውፍረት በድንጋይ ይካባል፤ ድንጋዩንም የሚያያይዘው ጭቃ ነው። በውስጡ ምሰሶው፣ ምድጃው፣ ከግድግዳው ጋራ የተሠራው መደብ፣ ዕቃና እህል የሚወጣበት ቆጥ፣ ከመጋረጃ ወይም ከአነስተኛ ግድግዳ በስተ ኋላ ጓዳው፣ በብዙ ቤትም የጥጆችና የበጎች ጋጥ ይገኛሉ።

እነዚህ ሁሉ በከንቱ የተደረጉ አልነበሩም። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ተቀብሎ የሌሊቱን ብርድ ቀስ ብሎ ይመልሳል። በሩ ጠባብ መሆኑ ነፋሱንም ሌባውንም ይከለክላል። የምድጃው ጭስ ወደ ጣራው እየወጣ ሣሩንና እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቃል። መደቡ በሌሊት አልጋ፣ በቀን ወንበር ነው፤ በማኅበር ቀን የማኅበርተኞች፣ በወዳጃ ሌሊት የዱዓ አድራጊዎች፣ በለቅሶም ጊዜ የመላው ጎረቤት መቀመጫ ይሆናል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ዘር ውስጥ ተቀላቅለው በሚኖሩበት በወሎ፣ አንዱ ወገን በሌላው ሐዘንና ደስታ የሚገኘው በዚሁ መደብ ላይ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ የቤቱን ዕቅድ የሚለውጥ ሰው የግድግዳ ቦታ ብቻ ሳይሆን የሰዎችንም አቀማመጥ ይለውጣል።

ይሁን እንጂ ቤቱ ጕዳትም ነበረው። ያው ጣራውን ከነቀዝ የሚጠብቀው ጭስ የሴቶችንና የሕፃናትን ዐይንና ሳንባ ይጐዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሞቱት ከቤት ውስጥ ጭስ በመጣ ሕመም ነው። ከከብት ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ማደርም በሽታን ያመጣል። ቤቱ ጨለማ ስለ ሆነ ተማሪው ልጅ በቀትር እንኳ ደብተሩን ይዞ ወደ ደጅ መውጣት አለበት። እንግዲህ «የቀድሞው ቤት ምንም ጐደሎ አልነበረውም» የሚል ሰው ቢኖር፣ ወይ በውስጡ አላደረም፣ ወይም እንጀራ አልጋገረበትም።

ሰዎቹ ቤታቸውን የሚለውጡትም በከተማ ቅናት ብቻ አይደለም። የግጦሹ መሬት እየታረሰ ስለ ሄደ የክዳን ሣር እንደ ልብ አይገኝም። ክዳን መለወጥ የደቦ ሥራ ነበር፤ አሁን ግን ጐልማሳው ወደ ከተማና ወደ ዐረብ አገር ስለሚሄድ ደቦው ሳስቷል። ቈርቈሮ አንድ ጊዜ ከተመታ ለብዙ ዓመት አሳብ ያሳርፋል፤ የእሳት አደጋም ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ ጋራ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ይዞ በቈየባቸው ወራት የተጐዳ ቤት እንደገና መጠገን ነበረበት። ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ መዘንጋት አይገባም፤ በሀብሩ ብዙ ቤት የሚታደሰው ሳዑዲ ዐረቢያ በሰው ቤት ሠራተኛነት ተቀጥረው በሚኖሩ ሴቶች ልጆች ደመወዝ ነው። በተራራው ላይ የሚያብለጨልጭ አንድ ክዳን የአንዲት ልጅ የስንት ዓመት ድካም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቤት እድሳትን ጕዳይ የመልክ ጕዳይ ብቻ አድርጎ መናገር ነውር ነው።

ነቀፌታችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄው «ለምን ለወጡ?» አይደለም፤ «ሲለውጡ ምን ተከተለ?» የሚል ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል ብንመለከተው አንዱ ስሕተት ሌላውን ሲወልድ እናያለን። የሣር ክዳን ክፍክፉ ከግድግዳው ወዲያ ርቆ ስለሚወርድ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል። ቈርቈሮ ግን በቅጠል ተቈጥሮ የሚገዛ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ አንድ ሁለት ቅጠል ለማትረፍ ሲል ክፍክፉን ያሳጥራል። ክፍክፉ ሲያጥር የክረምቱ ዝናብ ግድግዳውን በቀጥታ ይመታል፤ ከጣራው በአንድ መስመር የሚወርደውም ውሃ መሬቱን ቈፍሮ የግድግዳውን እግር ይረጫል። ጭቃው መታጠብ ሲጀምር ባለቤቱ ይደነግጥና መድኃኒት ይፈልጋል፤ የሚነገረውም መድኃኒት «በሲሚንቶ አስለስነው» የሚል ነው።

ሲሚንቶም በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ክፉ የሚሆነው ያለ ቦታው ሲገባ ነው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬትም ከአየርም እርጥበት ይቀበላል፤ የተቀበለውንም በገጹ በኩል መልሶ ያተነዋል። ድርቅ ያለው የሲሚንቶ ልስን ይህን መንገድ ይዘጋል። ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ልስኑ አብሮ መንቀሳቀስ ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። በውስጥ ያለው ጭቃ ለስልሶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግድግዳውም በስተ ታች ሆዱ ይነፋል። ከውጭ የሚያየው ሰው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ልስኑ ነጭና ለስላሳ ነውና። በመጨረሻ አንድ የክረምት ሌሊት ግድግዳው ይወድቃል።

ይህ ስሕተት የገበሬው ብቻ እንዳይመስለን፣ በዚሁ በሰሜን ወሎ ያለውን የላሊበላን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመጠበቅ ተብሎ አንዳንዶቹ በሬንጅ ተቀብተውና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ሲሚንቶም በስንጥቃቸው ገብቷል። ጥቂት ቈይቶ፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ፣ ኢጣልያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የእድሳቱን ሥራ ሲመራ ከዋና ዋናዎቹ ተግባሮች አንዱ ይህንኑ ልባስ መልሶ ማንሣት ሆነ። ለዓለም በሚታየው ቅርስ ላይ፣ በዐዋቂዎች እጅ የተሠራው ስሕተት ይህ ከሆነ፣ በመርሳ በላይ ባለ ኰረብታ ላይ ያለ አንድ ገበሬ ስለ ተሳሳተ ምን ያስደንቃል?

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። ትምህርቴን ፈጽሜ እንደ ተመለስሁ፣ አጎቴ ከመርሳ በላይ በሚገኘው ቀዬው ያለውን የድንጋይ ቤት ለማደስ አስቦ አማከረኝ። ገንዘቡን የላከችው በዐረብ አገር አራት ዓመት የሠራችው ልጁ ናት። እኔም ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁና ሦስት ነገር መከርሁ፤ ክዳኑ ቈርቈሮ ይሁን፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰን፣ ከቤቱ ጀርባ በተራራው በኩል ያለው ቦይም ተደፍኖ ግቢው ይስፋ አልሁ። በመንደሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ቦይው እንዳይደፈን ተናግረው ነበር። እኔ ግን የተማርሁ ስለ ሆንሁ አጎቴ የእኔን ቃል ሰማ። በሦስተኛው ክረምት፣ በተራራው በኩል ያለው ግድግዳ በሌሊት ወድቆ ከነማሽላው የቆመውን ጎታ ደፈጠጠው። ሰው አልተጐዳም፤ የሰው ድካም ግን ተጐዳ።

በማግሥቱ ስደርስ ሽማግሌው ግንበኛ ከፍርስራሹ አንድ እፍኝ ጭቃ አንሥተው ጨመቁት፤ ውሃው በጣቶቻቸው መካከል ወረደ። «ልጄ፣ ግድግዳም ያልበዋል» አሉኝ። «እናንተ ላቡ የማይወጣበት ልብስ አለበሳችሁት።» ምን ልመልስ? «አንቱ እንዳሉት ቦይውን ባንደፍነው ይሻል ነበር» ብቻ አልሁ። በዚያው ሳምንት ልጅቱ ደውላ ስለ ቤቱ ስትጠይቅ አጎቴ «ደኅና ነው፣ አምሯል» ሲላት ሰማሁ። እርስዋ እስክትመለስ ድረስ ቤቱን መልሶ ለማቆም ቸኰለ እንጂ እውነቱን ሊነግራት አልደፈረም። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት አሠራር የሚጻፍ ማናቸውም ነገር፣ የዚያችን ልጅ ጥያቄ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ አደጋ አለ። ወልድያና መርሳ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለሚገኙ መሬታቸው የሚያርፍ መሬት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካራ ቆሬ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ ይታወቃል፤ ያም ስፍራ በዚሁ ጠርዝ ላይ በስተ ደቡብ የሚገኝ ነው። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ በእንደዚህ ያለ ጊዜ ደካማ ነው፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የጥንት ግንበኞች ለዚህ የሚጠቅም አንድ ጥበብ እንደ ነበራቸው በዚሁ አገር ይታያል። በላስታ በዋሻ ውስጥ የተሠራውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የተመለከተ ሰው፣ ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ግንብ እየሆነ መሠራቱን ያውቃል። በአግድም የገባው እንጨት ግንቡን እንደ መቀነት ያስረዋል። ዛሬ ጽድና ወይራ እንደ ልብ ስለማይገኙ፣ ያንኑ መቀነት በብረትና በሲሚንቶ በግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን ማሰር ይቻላል። ሲሚንቶው ቆዳ ሆኖ ከሚለበስ ይልቅ መቀነት ሆኖ ቢታጠቅ፣ በትንሽ ወጪ ብዙ ይጠቅማል ማለት ነው።

የሌላው ዓለም ልምድ ምን ያስተምራል? በግብፅ ሐሰን ፈትሒ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለውን መንደር በጭቃ ጡብ ሠራ። ሥራው በዓለም ተደነቀ፤ ሊገቡበት የታሰቡት ሰዎች ግን ብዙዎቹ አልገቡም። ከቀድሞ መንደራቸውና ከእንጀራቸው መነሣትን አልፈቀዱም፤ ድቡልቡሉም ጣራ የመቃብር ቤትን እንደሚያስታውሳቸው ይነገራል። እንግዲህ የአገር ጭቃና የአገር ጥበብ መጠቀም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ባለቤቱ መጠየቅ አለበት። በተቃራኒው በስዊስ ተራሮች ቭሪን በምትባል መንደር፣ የመንደሩ ተወላጅ የሆነው አርክቴክት ጂዮን ካሚናዳ ግንድ በግንድ ላይ የሚጋደምበትን የአባቶቹን አሠራር ይዞ አዲስ ቤት፣ አዲስ ጋጥ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙታን የሚሰናበቱበት የሐዘን ቤት ሠራ። መንደሪቱ በ1998 እ.ኤ.አ. የአገሩን የቫከር ሽልማት አገኘች። ካሚናዳ የጥንቱን መልክ አልገለበጠም፤ ግንዱ እንዴት እንደሚጋደም ጠየቀ፣ ከዚያም ለዛሬ ኑሮ አጋደመው። የሐዘን ቤት የሠራውም የመንደሩ ሰው ሬሳውን ከቤቱ እንዴት እንደሚሸኝ ስለሚያውቅ ነው። የእኛ መደብስ ያው አይደለምን?

ሁለት ወገኖችን ደግሞ ለየብቻ መንቀፍ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ አሮጌውን ቤት ለቱሪስት ብቻ የሚፈልጉ ናቸው። በላሊበላ ክብ የሆኑት ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤቶች የሚያስደንቁ ናቸው፤ ቦታው በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ግን በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በየጊዜው ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደርጓል። ሰው የማያድርበት የሣር ቤት ጭስ ስለማያገኝ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ቤትን ከነዋሪው ለይቶ መጠበቅ አስከሬንን እንደ መጠበቅ ነው። ሁለተኛዎቹ እኛ መምህራን ነን። ናይግዚ ገብረመድኅን በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የቤት ዐይነቶች የጻፈው ጽሑፍ ጠቃሚ መንገድ ከፍቶልን ነበር። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቤቱን ለክተን፣ ሥዕሉን ስለን፣ የምሰሶውንና የማገሩን ስም መዝግበን እንመለሳለን፤ በየትኛው ክረምት ግድግዳው እንደሚወድቅ አንጠይቅም። ከሁሉም ይልቅ የቤቲቱን እመቤት አንጠይቅም።

እርስዋ ብትጠየቅ ምን እንደምትል በብዙ የታደሱ ቤቶች ይታያል። አዲሱ ቤት ሳሎን አለው፤ ሶፋና የመስታወት ቁም ሣጥን አለው። ማጀቱ ግን በስተ ኋላ በአሮጌ ቈርቈሮ የተከለለ ዳስ ነው፤ የጭስ ማውጫም የለውም። ጭሱ ከእንግዳው ዐይን ተወገደ እንጂ ከእናቲቱ ዐይን አልተወገደም። መደቡም ፈርሶ በቦታው አራት ሰው የሚይዝ ሶፋ ስለ ገባ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን መከራየት ግድ ሆኗል። ለዚህ ነው እድሳቱ መልክን ለወጠ እንጂ ኑሮን አላቀለለም የምንለው።

በመጨረሻ ጸሓፊው የሚያቀርበው አሳብ ከባድ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ቈርቈሮ የሚያለብስ ሰው ክፍክፉን ቢያንስ አንድ ክንድ ያርዝም፤ አሸንዳ ሰቅሎ ውሃውን በገንዳ ቢያጠራቅም ደግሞ ለቤተ ሰቡ ውሃ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለው ቦይ ይጠረግ እንጂ አይደፈን። ሦስተኛ፣ የድንጋዩ ግድግዳ በኖራ፣ ኖራ ባይገኝ ጭድና እበት በገባበት ጭቃ ይለሰን፤ ሲሚንቶው ለአናቱ መቀነትና ለመሠረቱ ይቀመጥ። አራተኛ፣ ከቈርቈሮው ሥር ኮርኒስ ይግባ፤ የቀኑን ቃጠሎ፣ የሌሊቱን ብርድና የዝናቡን ጩኸት ይቀንሳልና። አምስተኛ፣ መስኮት ነፋስ በማይበዛበትና ፀሓይ በሚገባበት በኩል ይከፈት። ስድስተኛ፣ ከሳሎኑ በፊት ማጀቱ ይታሰብ፤ ምርጥ ምድጃና የጭስ ማውጫ ይኑረው። መደቡንም ማፍረስ ግድ አይደለም፤ ምንጣፍና ትራስ ያገኘ መደብ ከሶፋ ይልቅ ብዙ ሰው ይይዛል።

የአጎቴ ቤት አሁን ቆሟል። ያቆሙት እኒያው ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው፤ እኔ ድንጋይ በማቀበል ረዳሁ። ክዳኑ ቈርቈሮ ነው፣ ክፍክፉ ረጅም ነው፣ ቦይውም ተከፍቷል። ገጹ ግን ጭቃ ስለ ሆነ፣ ከመንገድ የሚያየው መንገደኛ «ይህስ ገና አልታደሰም» ብሎ ያልፍ ይሆናል። ልጅቱ ከሄደችበት ስትመለስ ምን እንደምትል አላውቅም፤ ገንዘቧ ወዴት እንደ ገባ ለመመልከት ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ በነሐሴ ሌሊት፣ ዝናቡ ሲወርድ ማደር ይኖርባታል። የማኅበራችን አባሎችም ስለ ቤት ሲጽፉ ከዚያው ስፍራ ሆነው ቢጽፉ መልካም ይመስለኛል።